የቦቶክስ መርፌ ይፈተን ከተባለ መካነ ሰላም ላይ ይፈተን

ለፊንጢጣ መሰንጠቅ ሐኪሞች የሚከተሉት ቅደም ተከተል የታወቀ ነው፤ መጀመሪያ አሰር ያለው ምግብ፣ ብዙ ውኃ መጠጣትና ለብ ባለ ውኃ መዘፍዘፍ፤ ቀጥሎ ቅባት፤ እሱም ካልሠራ የቦቱሊነም ቶክሲን፣ በተለምዶ ቦቶክስ የሚባለው መርፌ፤ በመጨረሻ ቀዶ ሕክምና። ይህ ቅደም ተከተል ግን የወጣው ፋርማሲ ደጁ ላይ ላለ ሰው ነው። በደቡብ ወሎ ከወግዲ፣ ከከላላ ወይም ከሳይንት ገጠር ተነስቶ መካነ ሰላም ለሚደርስ ታማሚ ከመድኃኒቱ ይልቅ መንገዱ ይከብደዋል፤ ደሴ ሂድ ከተባለማ ገና 180 ኪሎ ሜትር ያህል ይጠብቀዋል። ስለዚህ መርፌው በአገራችን በወጉ ይፈተን ከተባለ፣ ከአዲስ አበባ ይልቅ እንደ መካነ ሰላም ባለ ቦታ ቢፈተን የሚሻል ይመስለኛል።

ሕመሙ በአፍ ለመናገር ስለሚያሳፍር ብዙ ጊዜ ተደብቆ ይኖራል። ደረቅ ሰገራ፣ ተቅማጥ ወይም ወሊድ የፊንጢጣን ስስ ሽፋን ሲሰነጥቀው፣ ውስጠኛው የጡንቻ ቀለበት በሕመሙ ይኮማተራል፤ የተኮማተረ ጡንቻ የደም ዝውውሩን ያሳንሳል፤ ደም ያነሰው ቁስል ደግሞ አይሽርም። ታማሚው ሥቃዩን ፈርቶ መጸዳዳቱን ሲያዘገይ ሰገራው ይብስ ይደርቅና ስንጥቁ እንደገና ይከፈታል። መርፌው ቀለበቱን ለሁለት ሦስት ወር አላልቶ ለቁስሉ ፋታ ይሰጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1998 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የታተመ የጣሊያን ጥናት 30 ታማሚዎችን ለሁለት ከፍሎ ነበር፤ ከሁለት ወር በኋላ ቶክሲኑን ከተወጉት 15 ሰዎች 11ዱ፣ ጨው ያለው ውኃ ብቻ ከተወጉት 15 ደግሞ 2ቱ ድነው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የኮክሬን ግምገማ ግን ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ሲመለከት ጉጉታችንን ያበርደዋል፤ ፍቱን ያልሆነ ማስመሰያ ከተሰጣቸው ታማሚዎችም ከ100ው 35 ያህሉ ድነዋል። በየገበያው ለኪንታሮት ነው እየተባለ የሚሸጠው ቅጠልና ዱቄት ምስክር የማያጣውም ለዚህ ሊሆን ይችላል። አንድ ሰው ዳንኩ ስላለ መድኃኒቱ ሠራ ማለት አይደለምና፣ መርፌውንም በወሬ ከመቀበል መፈተን ይሻላል።

ያው ግምገማ ቀዶ ሕክምና ከመርፌውም ከቅባቱም እንደሚበልጥ ያሳያል፤ ከ100 ታማሚ ከ90 በላይ የሚሆነውን ያድናል። ታዲያ ቢላዋው እያለ መርፌው ለምን? የተቆረጠ ጡንቻ ስለማይመለስ፣ ጥቂቶች ጋዝ ወይም ሰገራ መቆጣጠር ያቅታቸዋል። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተጎራብቶ በሚኖርበት፣ መካነ ሰላም ባለችበት በቦረና ወረዳ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ጋዝ ባመለጠ ቁጥር ለሶላት የሚደረገው ውዱዕ ይፈርሳል፣ ጭንቀቱም በቀን አምስት ጊዜ ነው። ደጋግማ የወለደች እናት ጡንቻዋ አስቀድሞ ተጎድቶ ከሆነ ቢላዋው ለእሷ ይበልጥ ያሰጋል። መርፌውም ተመሳሳይ ችግር ሊያመጣ ይችላል፤ ሆኖም ኃይሉ ሲያልቅ አብሮ ያልፋል። ቅባቱ ደግሞ በየቀኑ ሁለት ጊዜ፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይቀባል፤ ናይትሮግሊሰሪን ያለበት ቅባት ብዙዎችን ራስ ያሳምማል። ቅባቱ ገጠር ውስጥ ሲያልቅ መተኪያ ለማግኘት እንደገና መንገድ መውጣት ነው። አንዴ ተወግቶ ወደ ቤት መመለስ ለከተሜ ምቾት ቢሆን፣ ለገጠር ነዋሪ ሕክምናውን በመጨረስና በማቋረጥ መካከል ያለ ልዩነት ሊሆን ይችላል።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ዋጋው ነው፤ እውነትም ነው። ሆኖም በተለመደው 100 ዩኒት ብልቃጥ ውስጥ፣ ለአንድ ሰው 20 ወይም 30 ዩኒት ከበቃው፣ ለሦስት እስከ አምስት ሰው የሚሆን አለ። አምራቹ ብልቃጡ ለአንድ ታካሚ ብቻ ነው ስለሚል፣ በአንድ ቀን በተቀጠሩ ታማሚዎች መካከል በንጽሕና ማካፈሉን የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መርምሮ ሊወስንበት ይገባል። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ የሚፈልገው ቅዝቃዜ ለክትባት ከሚያስፈልገው የተለየ አይደለም። ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል፦ እናቶች በወሊድ በሚሞቱበት፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል ግጭት መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ ይህ ቅንጦት አይደለም ወይ? መልሴ መርፌው የቀዶ ሕክምና ክፍል ሳይዝ ሊሰጥ ይችላል የሚል ነው፤ በዚያው ሰዓት ጠረጴዛው በቀዶ ለምትወልድ እናት ይቀራል። መንገዱ በተዘጋ ቁጥርም ምልልስ የሚቀንስ ሕክምና ዋጋው ይጨምራል።

ፈተናው ታዲያ እንዴት ይሁን? የመካነ ሰላም ሆስፒታል፣ በከተማው ካምፓስ ያለው መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲና ደሴ ያሉት የወሎ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ቢተባበሩበት፣ ንጽጽሩ ከጨው ውኃ ጋር ሳይሆን ከቅባቱ ጋር መሆን አለበት። ማንም ሰው ውኃና ምግቡን ሳያስተካክል፣ ሐኪምም በዓይኑ ሳያየው መወጋት የለበትም፤ ከመሃል መስመር ወደ ጎን የወጣ ስንጥቅ የቲቢ ወይም የኤችአይቪ ምልክት ሊሆን ይችላልና። የሚቆጠረውም በሁለት ወር የዳነው ብቻ አይሁን፤ በዓመቱ ያገረሸበት፣ ለሕክምና የተመላለሰበት ቀንና ከእርሻ የቀረበት ቀን አብረው ይመዝገቡ። በዚህ ሚዛን ቅባቱ ከበለጠ መርፌውን እንተወው፤ መርፌው ከበለጠ ደግሞ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ወጪውን የሚሸፍንበት ምክንያት በእጃችን ይኖራል።