ወርቁን ከመፈለጋችን በፊት ሰሙን እንስማ

አንድ የሙዚቃ ድርሰት ተሰምቶ ባለቀ ጊዜ ከአድማጮች አፍ ቀድሞ የሚወጣው ጥያቄ «ምን ማለት ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የተማረ ሰው ምክንያት መጠየቁ አያስነቅፈውም። ጥያቄውን ተከትሎ የሚመጣው ልማድ ግን ተገቢ አይመስለንም። ይኸውም ጠያቂው የሰማውን ነገር መለስ ብሎ ሳይመረምር ፊቱን ወደ መምህሩ ወይም በሸክላው ሽፋን ላይ ወደ ተጻፈው መግለጫ ማዞሩ ነው። ዛሬ በዚህ ገጽ ልንናገር የወደድነው ስለዚህ ልማድ ሲሆን፥ ለማስረጃ የምናቀርበውም ብዙዎቻችንን ያከራከረንን አንድ ድርሰት፥ የፈረንሳዊውን የሞሪስ ራቬልን «ላ ቫልስ» ነው።

ቫልስ፥ ሌሎች ዋልዝ የሚሉት፥ አንድ ሁለት ሦስት እየተባለ የሚቈጠር፥ ወንድና ሴት ተያይዘው እየተሽከረከሩ የሚደንሱት ዳንስ ነው። የራቬል ድርሰት ግን ለዳንስ አዳራሽ ብቻ የተሠራ አይመስልም። ለትልቅ ኦርኬስትራ የተጻፈ ነው፤ ርዝመቱም ከ12 እስከ 13 ደቂቃ ያህል ነው። መቼና በምን ሁኔታ እንደ ተጻፈ ኋላ እንደርስበታለን፤ ለጊዜው ታሪኩን እናቈየውና ድምፁን እንመልከት።

ድርሰቱ የሚጀምረው በኮንትራባሶች ዝቅተኛ መንቀጥቀጥ ነው። ዜማ የለም፤ ከጉድጓድ የሚመጣ የሚመስል ጕርምርምታና ከሥሩ የሚመታ ምት ብቻ ይሰማል። ከዚያ ባሱኖቹ የአንድ ቫልስ ቍራጭ ያሰማሉ፤ ወዲያው ይቈረጣል። ሌላ ቍራጭ ይመጣል፤ እርሱም ይጠፋል። ቍርጥራጮቹ ጥቂት በጥቂት ተሰብስበው ዜማ ይሆናሉ፤ ዜማውም እያደገ ሄዶ ኦርኬስትራው በሙሉ ድምፅ ይፈነዳል። በዚህ ቦታ ጨለማ ቤት ውስጥ መብራት በድንገት የበራ ያህል ነው። ቀጥሎ የተለያዩ ቫልሶች በየተራ ይመጣሉ፤ አንዱ በኦቦ የሚዜም ለስላሳ ነው፤ ሌላው በጥሩምባና በከበሮ የተጫነ ነው። እስከዚህ ድረስ ያለው የድግስ ሙዚቃ ነው ቢባል የሚከራከር አይኖርም።

ነገር ግን ከግማሹ አለፍ ሲል የመጀመሪያው ጕርምርምታ ይመለሳል። ከዚህ በኋላ ቀድሞ የሰማናቸው ዜማዎች አንድ በአንድ ቢመለሱም እንደ ቀድሞው አይደሉም፤ ወዳልጠበቅነው ቃና ይዘላሉ፤ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ይገባበታል። ፍጥነቱ ይጨምራል፤ የናስ መሣሪያዎቹና ከበሮዎቹ በላይ በላዩ ይደራረባሉ። በመጨረሻም ከመጀመሪያው አንሥቶ የተቈጠረው አንድ ሁለት ሦስት የሚለው ምት በመጨረሻው መሥመር ይሰበርና ሙዚቃው እንደ ተወረወረ ዕቃ ወድቆ ያበቃል።

ይህን የሰማን ተማሪዎች ያልነው አንድ ዓይነት አልነበረም። ከመካከላችን «ይህ ጦርነት ነው» ያሉ ነበሩ። «እንዴት ያለ የሚያምር ድግስ ነው!» ያሉም ነበሩ። «ጩኸቱ እየባሰ ሄደ፤ ራስ አዞረን» ብለው ጆሯቸውን የያዙ ነበሩ። ደግሞም «የፈረንጅ ነገር ነው፤ እኛን አይመለከትም» ብለው ዝም ያሉ ነበሩ። አራቱንም አስተያየቶች በመዝገብ ብንይዝ የሚያስገርመን ነገር አለ፤ ከመቶ ዓመት በላይ ሙዚቃውን የሰሙት የአውሮፓና የአሜሪካ ሰዎችም ከዚህ ብዙ የራቀ ነገር አልተናገሩም።

አሁን ወደ ታሪኩ እንምጣ፤ ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። ራቬል በ1906 ለቪየናው የቫልስ ደራሲ ለዮሐን ስትራውስ ክብር የሚሆን አንድ ትልቅ ቫልስ ለመጻፍ አስቦ፥ ስሙንም በከተማይቱ ስም «ቪየና» ሊለው ነበር። ሐሳቡ ሳይፈጸም ዓመታት አለፉ። በ1914 አንደኛው የዓለም ጦርነት ተነሣ፤ በ1916 ራቬል በቬርደን ግንባር አካባቢ የጦር ሠራዊት ካሚዮን ነዳ፤ በ1917 መጀመሪያ እናቱ ሞቱበት፤ በ1918 መናገሻው ቪየና የነበረው የኦስትሪያና የሀንጋሪ ንጉሠ ነገሥታዊ መንግሥት ፈረሰ። ድርሰቱ የተጻፈው ከዚህ ሁሉ በኋላ ሲሆን ያለቀው በ1920 ነው፤ ስሙም «ላ ቫልስ» ተባለ። በዚያው ዓመት በዲሴምበር 12 ቀን የላሙሩ ኦርኬስትራ በፓሪስ ለመጀመሪያ ጊዜ አሰማው።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ትልቅ አድማጭ ፍርዱን ሰጥቶ ነበር። ራቬል ድርሰቱን ያዘጋጀው ለታወቀው የሩሲያ ባሌት አዛዥ ለዲያጊሌቭ ስለ ነበረ፥ በ1920 የጸደይ ወራት ሙዚቃውን በፒያኖ ተጫውቶ አሰማው። በስፍራው የነበረው ወጣቱ ፑለንክ በኋላ እንደ ተረከው፥ ዲያጊሌቭ ሥራው ታላቅ እንደ ሆነ አመስግኖ፥ ባሌት ግን አይደለም፤ የባሌት ሥዕል ነው አለ። ስትራቪንስኪም እዚያው ነበረ፤ አንዲት ቃል አልተናገረም። ራቬል ወረቀቱን ሰብስቦ በጸጥታ ወጣ። ከዲያጊሌቭም ጋር ዳግመኛ አብሮ አልሠራም። ይሁን እንጂ የማይደነስ ነው የተባለው ሙዚቃ በ1926 በአንትወርፕ ተደነሰ፤ በ1951 ደግሞ ባላንሺን በኒውዮርክ ነጭ የለበሰች ልጃገረድ ከሞት ጋር ስትደንስ የምትታይበት ባሌት አደረገው። እንግዲህ እንደ ዲያጊሌቭ ያለ ዐዋቂም ቢሆን የሰጠው ፍርድ የመጨረሻ ሆኖ አልቀረም።

ብዙ አድማጮች ግን የያዙት የጦርነቱን ትርጕም ነው። የታሪክ ሊቁ ካርል ሾርስኪ በ1980 ስለ ቪየና ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩን የጀመረው በዚሁ ድርሰት ሲሆን፥ የ19ኛው መቶ ዓመት ዓለም ሞት የተመዘገበበት አድርጎ ተመልክቶታል። ራቬል ራሱ ምን አለ? በ1922 ስለዚሁ ተጠይቆ፥ ድርሰቱ ከቪየና የዘመኑ ሁኔታ ጋር ግንኙነት እንደሌለው፥ የሞት ጭፈራም እንዳላሰበ ተናገረ፤ በሙዚቃው መግቢያ የተጻፈው ዘመን 1855 መሆኑን ምስክር አደረገ። በዚያው ዓመት በጻፈው ደብዳቤም በሙዚቃው ውስጥ ሊታይ የሚገባው ሙዚቃው የሚለው ብቻ፥ ማለት እየጨመረ የሚሄድ የድምፅ ኀይል እንደ ሆነ ገለጸ። ልብ በሉ! «ጩኸቱ እየባሰ ሄደ» ብሎ ጆሮውን የያዘው ጓደኛችን ከሁላችን ይልቅ ለደራሲው ቃል ቀርቦ ተገኘ።

ታዲያ ደራሲው «አይደለም» ካለ ነገሩ አለቀ ማለት ነውን? አይመስለንም። ራቬል ኋላ ስለ ሕይወቱ ባስጻፈው አጭር ታሪክ ይህንኑ ድርሰት ከጥፋት ጋር ከተያያዘ አስፈሪ መሽከርከር ጋር አገናኝቶ አስቦታል። አንዱ ደራሲ በተለያየ ጊዜ ሁለት ነገር ከተናገረ የትኛውን እንይዛለን? ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው ይባላል፤ ድርሰትም ከደራሲው እጅ ከወጣ በኋላ ደራሲው የመጀመሪያው አድማጭ እንጂ የመጨረሻው ዳኛ አይደለም።

የጦርነቱን ትርጕም የሚደግፉትን ወንድሞቻችንን ግን አንድ ነገር እንጠይቃለን። ጦርነቱን በድምፁ ውስጥ ሰማችሁት ወይስ በዓመተ ምሕረቱ ውስጥ አነበባችሁት? ሙዚቃው በ1906 ተጽፎ አልቆ ቢሆን ኖሮ ይህንኑ ትሉ ነበርን? «አንድ በሥርዓት የቆመ ነገር ከውስጡ ተናግቶ ተሰበረ» የሚል ሰው ሰምቷል፤ ምቱ ሲሰበር ማንም ጣቱን ሊያሳርፍበት ይችላልና። «የተሰበረው የኦስትሪያ መንግሥት ነው» የሚለው ግን ከሰማው ላይ ካነበበው ጨምሯል። መጨመሩ ኀጢአት አይደለም፤ ምናልባትም ታላቅ እውነት ይሆናል። ነገር ግን የትኛው ከጆሮው፥ የትኛው ከመጽሐፍ እንደ መጣ ለይቶ ማወቅ አለበት።

እንግዲያውስ ማንም የፈለገውን ቢል ልክ ነው ማለታችን ነውን? ፈጽሞ አይደለም። «ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጸጥ ያለ ድግስ ነው» የሚለውን የመጨረሻው መሥመር ያስተባብለዋል። «ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጩኸት ነው» የሚለውንም የኦቦው ዜማ ያስተባብለዋል። አስተያየት ነጻ ነው፤ ነገር ግን ለድምፁ መልስ መስጠት ግዴታው ነው። በድግሱ ደስ ያለው ሰውም ሊያፍር አይገባውም፤ ውበቱ በእውነት ከሌለ መሰበሩ ማንን ያሳዝናል?

«እኛን አይመለከትም» ላሉት ጥቂት ቃል ብቻ እንበል። ሦስት ሦስት ሆኖ የሚከፈል ምት በሠርግ ቤት ጭፈራችን ሞልቷል፤ አካሄዱ ከቫልስ ቢለይም ጆሯችን ለሦስት ቍጥር ባዳ አይደለም። ቫልስም በነገሥታት አዳራሽ አልተወለደም፤ ከገበሬዎች ዳንስ የመጣ ነው። በ1816 የለንደኑ «ታይምስ» ጋዜጣ ነውር ነው ብሎ አውግዞት ነበር። ሥራው የማን አገር ነው ብሎ መጠየቅ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከመስማት ለማምለጥ መጠየቅ መልካም አይደለም።

እኛ በሰምና ወርቅ ያደግን ሕዝብ ነን። ቅኔ ሲነገር ጆሯችን ወዲያው ወርቁን ያድናል፤ ይህም የምንኮራበት ጥበብ ነው። ነገር ግን ቅኔ ዐዋቂዎች የሚያስተምሩን አንድ ቁም ነገር አለ፤ ሰሙን በደንብ ያልሰማ ወርቁን አያገኝም። ወርቁ የተሰወረው በሰሙ ቃል ውስጥ እንጂ ከቅኔው ውጭ አይደለምና። በሙዚቃ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ችግር አለ፤ ከሰሙ በታች የተወሰነ አንድ ወርቅ መኖሩን ማንም ዋስ አይሆነንም። ስለዚህ ተጣድፈን «ወርቁ ጦርነት ነው» ብለን የጻፍን እንደ ሆነ የያዝነው የራሳችን ወርቅ አይደለም፤ የተዋስነው ነው።

ነገሩ የአንድ ሙዚቃ ጕዳይ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ወረቀት ባላባከንን ነበር። ነገር ግን የምንማርበት መንገድ ሁሉ በዚህ ይታያል። መምህሩ ትርጕሙን ይናገራል፤ ተማሪው በደብተሩ ይገለብጣል፤ በፈተና ቀን ይመልሰዋል፤ ነጥቡንም ያገኛል። ልብ ወለዱን፥ ሕጉን፥ የታሪኩን ሰነድ ግን በራሱ ዐይን አላየውም። እንዲህ ያለው ተማሪ ነገ በሥራ ላይ ሲቀመጥ ስለ ሕዝብ ችግር የሚናገረው ሕዝቡን ሰምቶ ሳይሆን የተጻፈለትን መግለጫ አንብቦ ይሆናል። ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ የሚለው ምክር ለአፍ ብቻ የተነገረ አይደለም።

ስለዚህ በተማሪዎች የሙዚቃ ምሽት አንድ ሥርዓት እንዲሞከር እናሳስባለን። ሙዚቃው በመጀመሪያ ያለ አንዳች መግለጫ ይሰማ፤ የደራሲው ስምም ቢሆን አይነገር። ከዚያ እያንዳንዱ አድማጭ በቍራሽ ወረቀት ላይ ሁለት ነገር ይጻፍ፤ ምን እንደ ተሰማውና በየትኛው ቦታ ላይ እንደ ተሰማው። ሁለተኛው ከፊተኛው ይበልጣል፤ «አዘንሁ» ማለት ቀላል ነው፤ «ጕርምርምታው በተመለሰ ጊዜ አዘንሁ» ማለት ግን የሚመረመር ቃል ነው። ቀጥሎ መምህራኖቻችን ታሪኩን ይንገሩን፤ 1855ን፥ 1906ን፥ 1914ን፥ 1920ን ይንገሩን፤ ያለ እነርሱ ዕውቀት ይህን ከየት እናገኛለን? በመጨረሻም ሙዚቃው ዳግመኛ ይሰማና እያንዳንዳችን የጻፍነውን ቃል የምናጸናው ወይስ የምንለውጠው መሆኑን እንይ። ጊዜው ሁሉ ተደምሮ ከአንድ የትምህርት ክፍለ ጊዜ አይበልጥም።

የተከበራችሁ መምህራን፥ ይህን ስንል ትምህርታችሁን መናቃችን እንዳይመስላችሁ። የምንለምናችሁ መልሱን እንድትከለክሉን ሳይሆን 13 ደቂቃ ያህል እንድታቈዩልን ነው። እናንተም ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፥ በሚቀጥለው ምሽት ስትመጡ እርሳስና ቍራሽ ወረቀት ይዛችሁ ኑ፤ ሙዚቃው ሲያልቅም ማንም ምን እንዳለ ከመጠየቃችሁ በፊት የራሳችሁን ጻፉ።