ከመፈረም በፊት ሒሳቡ ይታይ

መስከረም በጠባ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይቀርብልናል። ሁለተኛ ደረጃን የሚጨርሱ ታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ አዲስ አበባ ያሉትም ሆኑ በአሜሪካ ከወላጆቻቸው ጋር የሚኖሩት፣ «አስቀድመን ለየትኛው ዩኒቨርሲቲ እናመልክት?» ይሉናል። ብዙዎቻችን የምንመልሰው «ቀድሞ ያመለከተ ይገባል» ብለን ነው። መልሱ ግማሽ እውነት ስለ ሆነ የቀረውን ግማሽ መጨመር ግዴታችን ነው።

በአሜሪካ የቅድሚያ ማመልከቻ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው «ኧርሊ ዲሲዥን» ሲሆን ተማሪው፣ ወላጁና የትምህርት ቤቱ አማካሪ ይፈርሙበታል። ተማሪው ተቀባይነት ካገኘ ሌላውን ማመልከቻ ሁሉ ሰርዞ ወደዚያው ይገባል። ብራውን፣ ኮሎምቢያ፣ ኮርኔል፣ ዳርትመዝና ፔንስልቬኒያ በዚህ ይሠራሉ። ሁለተኛው «ኧርሊ አክሽን» ነው፤ መልሱ ቀድሞ ይመጣል እንጂ ተማሪውን አያስርም፤ እስከ ሜይ 1 አመዛዝኖ ይወስናል። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተንና ስታንፎርድ ይህን ይከተላሉ፤ ሆኖም በዚያው ጊዜ ለሌላ የግል ዩኒቨርሲቲ በቅድሚያ ማመልከትን በአብዛኛው ይከለክላሉ። ማመልከቻው ብዙ ጊዜ ኖቬምበር 1 ላይ ይዘጋል፤ መልሱም በዲሴምበር አጋማሽ ግድም ይደርሳል።

ጥቅሙን አንክድም። አቬሪ፣ ፌርባንክስና ዜክሃውዘር በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ቀድሞ ማመልከት በኤስ.ኤ.ቲ. ፈተና 100 ያህል ነጥብ እንደ መጨመር የሚቆጠር ብልጫ እንደሚሰጥ አሳይተዋል። ነገር ግን ብልጫው የማን ነው? ሃርቫርድና ፕሪንስተን በ2006 የቅድሚያ ቅበላን ለማስቀረት የወሰኑት ሥርዐቱ ለባለጸጋው ያደላል በሚል ምክንያት ነበር፤ በ2011 ግን መልሰው አመጡት። ባለ ገንዘብ ቤተ ሰብ የአንዱን ኮሌጅ እርዳታ ከሌላው ሳያነጻጽር ይፈርማል። ሁለት ሥራ እየሠሩ ልጅ የሚያስተምሩ ወላጆች ግን ማነጻጸርን አሳልፈው ከሰጡ የቀራቸው የመደራደሪያ ኀይል የለም።

ስለዚህ አቋማችን ይህ ነው። የሚያስረው ማመልከቻ የሚፈረመው ሌሎቹ ሁሉ ቢቀበሉትም ያንኑ ለሚመርጥና ወጪውን አስቀድሞ ላሰላ ተማሪ ብቻ ነው። ከ2011 ወዲህ የአሜሪካ ሕግ የፌዴራል የተማሪ እርዳታ የሚቀበሉ ኮሌጆች የወጪ መገመቻ በድረ ገጻቸው እንዲያኖሩ ያስገድዳል፤ ወላጅና ልጅ አብረው ይሙሉት። ለውጭ አገር ዜጋ ግን ይህ ግምት ብዙ ጊዜ ስለማያገለግል ኮሌጁን በጽሑፍ መጠየቅ ይሻላል። ብዙ ኮሌጆች የውጭ ተማሪን ሲመርጡ የመክፈል ዐቅሙንም ይመለከታሉ፤ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤም.አይ.ቲ. እና አምኸርስት ግን ከማይመለከቱት ጥቂቶች መካከል ናቸው።

የተሰጠው እርዳታ ካልበቃ ከውሉ መለቀቅ ይቻላል። ይሁንና ለጃንዋሪ የሚሆነውን ማመልከቻ ያላዘጋጀ ተማሪ ከውሉ ቢለቀቅም ባዶ እጁን ይቀራል። በመጸው የሚያገኘው ውጤት ማመልከቻውን የሚያሻሽልለትም ቢታገሥ አይጎዳም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላልና።

መምህራኖቻችን የድጋፍ ደብዳቤውን ከኦክቶበር አጋማሽ በፊት እንዲጽፉ እንለምናለን። እኛ ተማሪዎችም እያንዳንዳችን ከአንድ አመልካች ጋር ቁጭ ብለን ቅጹን እንመልከት። ለእኛ በጊዜው የነገረን ሰው ባይኖር እንኳ ለሚከተሉን ዝም ማለት አይገባንም።