ልጅን ልኮ መርሳት አይገባም



ልጁን ወደ ውጭ አገር የሚልክ ወላጅ የትምህርቱን ክፍያና የአውሮፕላኑን ዋጋ አስቀድሞ ይጠይቃል። መከራ በመጣ ቀን ልጁን የሚፈልገው ማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

የካቲት 17 ቀን 2014 ዓ.ም. ሩስያ በዩክሬን ላይ ጦርነት ስትከፍት በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ አፍሪካውያን ተማሮች በዚያ ነበሩ። የሚበዙት ከናይጄሪያ፥ ከሞሮኮና ከግብፅ የሄዱ ናቸው። ክፍያው ከምዕራብ አውሮፓ ይልቅ ቀላል ስለ ነበረ ብዙዎቹ ሕክምና ይማሩ ነበር። ወደ ፖላንድ ሲሸሹ ስለ መልካቸው ከባቡርና ከድንበር በር እንደ ተመለሱ ብዙዎች መሰከሩ። የአፍሪካ ኅብረትም የካቲት 21 ቀን ድርጊቱን ነቀፈ። ሆኖም በሱሚ ከተማ የተከበቡት የውጭ አገር ተማሮች በአውቶቡስ መውጣት የጀመሩት የካቲት 29 ቀን ነው።

ነቀፋው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ነቀፋ ብቻውን ልጅን ከድንበር አያሻግርም። የዩክሬንን ጉዳይ የሚመለከተው የጋና ኤምባሲ የነበረው በስዊስ አገር፥ በበርን ከተማ ነው። ኤምባሲው እንዲህ የራቀበት ተማሪ ስሙ በመዝገብ ካልተገኘ በምን ይታወቃል?

ስለዚህ በአገራችንም ለትምህርት የሚሄድ ሁሉ፥ በመንግሥት ወጪም ሆነ በወላጁ፥ ስሙ፥ ትምህርት ቤቱ፥ አድራሻውና የወላጁ ስልክ ተመዝግቦ በየዓመቱ ሊታረም፥ ግልባጩም ለቅርቡ ኤምባሲ ሊደርስ ይገባል። ይህ ሥራ ከመዝገብና ከትጉ ጸሐፊ በቀር ብዙ ወጪ አይጠይቅም። እናንተ በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች አስቡበት። እረኛ እንኳ በጎቹን ሳይቆጥር በረቱን አይዘጋም።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር