“ክሱን አንሺለት” ስትባል፣ ክሱ የእሷ ነው ወይ?

አንዲት ሴት በባሏ ወይም አብሯት በሚኖር ሰው ተደበደበች የሚል ዜና በወጣ ቁጥር፣ ጥቂት ቆይቶ “ታርቀዋል፣ ክሱን አንስታለች” የሚል ወሬ ይከተላል። “እሷ ከተወችው እኛ ምን አገባን” የሚለውም ይበዛል። ግን በሕጋችን ተበዳይዋ ክሱን ማንሳት ትችላለች?

አጭሩ መልስ፦ እንደ ጉዳቱ ነው።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564፣ በትዳር ጓደኛ ወይም ያለ ጋብቻ አብሮ በሚኖር ሰው ላይ ለሚፈጸም ድብደባ የተለየ ቅጣት አላስቀመጠም። የሚመራን ለማንም ሰው ወደሚሠሩት የአካል ጉዳት አንቀጾች ነው። በአንቀጽ 556 ንዑስ 1 የሚወድቀው ቀላል ጉዳት የሚያስቀጣው የግል አቤቱታ ሲቀርብ ነው፤ ስለዚህ አቤቱታዋን ከተወች ፋይሉ ይዘጋል። ያው ቀላል ጉዳት በመሣሪያ ወይም ጉዳት ሊያደርስ በሚችል ሌላ ነገር፣ ለምሳሌ በዘነዘና ከደረሰ ግን ነገሩ ከእጇ ይወጣል። ሕይወቷን ለአደጋ ያጋለጠ ወይም አካሏን ያጎደለ ከሆነማ አንቀጽ 555 አለ፣ እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት። እዚያ ከሳሹ ዐቃቤ ሕግ ነው፣ ክስ የማንሳት ሥልጣኑም የእሱ ነው። እሷ ምስክር ናት።

ወረቀት ላይ እንዲህ ነው። ድብደባው የሚፈጸመው ግን በር ተዘግቶ ነው። እሷ ካልመሰከረች ዐቃቤ ሕጉ እጅ ላይ ብዙ ጊዜ የሚቀረው የሐኪም ማስረጃ ነው፤ እሱ ደግሞ አጥንቱ መሰበሩን እንጂ ማን እንደሰበረው አይናገርም። ሽማግሌዎቹም ይህን ያውቁታል። ዐቃቤ ሕጉን ትተው እሷን “የልጆችሽ አባት አይደል እንዴ” እያሉ የሚለማመጡት ለዚህ ነው። አንዳንዱ “ወድቄ ነው በዪ” እስከማለት ይደርሳል። ይህ ምክር አደገኛ ነው፤ ፍርድ ቤት ቀርቦ በሐሰት መመስከር ራሱ ወንጀል ስለሆነ ተደብዳቢዋ ራሷ ተከሳሽ ልትሆን ትችላለች።

በእኛ እይታ ትልቁ ክፍተት ያለው “ቀላል” በተባለው ጉዳት ላይ ነው። ሁለት ጎረቤታሞች ተጣልተው ቢታረቁና አቤቱታው ቢቀር ማንም አይጎዳም። የቤት ኪራዩንና የልጆቹን ቀለብ በሚከፍል ሰው ላይ አቤቱታ ይዞ መቆየት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሕጉ ሁለቱን እኩል ያያቸዋል። ሸክሙን በሙሉ እሷ ላይ ጥሎ “ምርጫሽ ነው” ማለት ምርጫ አይመስለንም።

እርቅ አይኑር አላልንም። አብራው መኖር አለመኖሯ የሷ ጉዳይ ነው፤ እውነተኛ ጸጸትና ካሳ ካለም ዳኛው ቅጣቱን ሲመዝን ሊያየው ይችላል። ጉዳቱ ከባድ ከሆነ ግን ለለመኗት ሁሉ የምትሰጠው አጭር መልስ አላት፦ “ክሱ የመንግሥት ነው፣ የኔ አይደለም።” የእርቅ ወረቀት ላይ ፈርሚ ከተባለች ደግሞ፣ ከመፈረሟ በፊት ጉዳዩ በየትኛው አንቀጽ እንደተያዘ መርማሪውን ትጠይቅ።