ከፀሐይ የቀደመ ብርሃን

በዚህ ወር ሁላችንም እናውቀዋለን ብለን የምናስበውን፣ ተቀምጠን ግን ብዙም የማናነበውን ታሪክ ይዤላችሁ ቀርቤአለሁ፤ የፍጥረትን ታሪክ። ብዙዎቻችን የሰማነው በልጅነታችን፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ወይም ከአያቶቻችን አፍ ነው። በስድስት ቀን ሁሉም ተፈጠረ፣ በሰባተኛው ዕረፍት ሆነ፤ አዳም ከአፈር፣ ሔዋን ከጎኑ አጥንት ተገኙ። ከዚያ ወዲያ ታሪኩ ለፈተና እንደተሸመደደ ትምህርት በአእምሯችን ጓዳ ተቀምጦ ይቀራል። አድገን፣ ሥራ ይዘን፣ ልጆች ወልደን ኑሮ ሲከብደን፣ እዚያ ውስጥ ለእኛ የሚሆን ቃል ይኖር እንደሆነ ተመልሰን አንፈትሽም።

እኛ ቤት መፈተሽ የጀመርነው በልጆች ምክንያት ነው። ጎንደር የምንኖር ሦስት ዘመዳማ ቤተሰቦች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቡና እየጠጣን ኦሪት ዘፍጥረትን ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምረን ማንበብ ያዝን። አንባቢዎቹ ልጆች ናቸው፤ እኛ አዋቂዎቹ ሰሚዎች ነን። የዐሥራ አንድ ዓመቷ የእህቴ ልጅ አራተኛውን ቀን አንብባ ስትጨርስ ቀና አለችና «ፀሐይ የተፈጠረችው ረቡዕ ከሆነ፣ እሑድ ሲያበራ የነበረው ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች። አዋቂዎቹ ዝም ብለን ተያየን።

ጥያቄው ለእኛ አዲስ ሆነ እንጂ የሀገራችን ሊቃውንት ብዙ ዘመን የተወያዩበት ነው። ጎንደር ደግሞ የመጻሕፍት ትርጓሜ ትምህርት የደረጀባት ከተማ ናት። የኔታ አንድን ቃል አንዴ ፈትተው አያልፉትም፤ «አንድም» እያሉ በመጀመሪያው ትርጉም ላይ ሌላ ይጨምሩበታል። ትምህርቱም «አንድምታ» የተባለው ለዚሁ ነው። በዚህ ትምህርት ቤት ልጅ ለጠየቀችው ጥያቄ «ዝም በይ» የሚል መልስ አይሰጥም።

የቤተ ክርስቲያናችን የሥነ ፍጥረት ትምህርት በስድስቱ ቀን የተፈጠሩትን 22 አድርጎ ይቆጥራል። እሑድ 8፣ ሰኞ 1፣ ማክሰኞ 3፣ ረቡዕ 3፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 4። ይህ የ22 ቁጥር በመጽሐፈ ኩፋሌም ይገኛል። ኩፋሌ ሙሉው ተጠብቆ የቆየው በእኛው በግእዝ ብቻ መሆኑን ልጆቻችን ቢያውቁ ደስ ይላል። በእሑድ ስምንት ፍጥረታት ውስጥ አራቱ ባሕርያት ማለትም መሬት፣ ውኃ፣ ነፋስና እሳት አሉ፤ ሰማያት፣ ጨለማና መላእክትም አሉ፤ ብርሃንም አለ። ፀሐይ ግን የለችም። ፀሐይ፣ ጨረቃና ከዋክብት የረቡዕ ፍጥረት ናቸው።

ስለዚያ የመጀመሪያ ብርሃን አክሲማሮስ የተባለው የግእዝ መጽሐፍ አንድ ታሪክ አለው። የመጽሐፉ ስም የስድስቱን ቀን ሥራ የሚያመለክት የግሪክ ቃል ነው። ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። መላእክት በተፈጠሩ ጊዜ ዓለሙ ገና ጨለማ ነበር። ፈጣሪያቸው አልታያቸውም። «ማን ፈጠረን?» እያሉ እርስ በርሳቸው ተጠያየቁ። በሹመት ከሁሉ በላይ የነበረው ሳጥናኤል አጋጣሚውን ተጠቅሞ «እኔ ነኝ የፈጠርኳችሁ» አለ። ግማሹ አመነው፣ ግማሹ ተጠራጠረ፣ ሰፈሩ ታወከ። በዚህ ጊዜ ቅዱስ ገብርኤል ፈጣሪያችንን እስክናገኝ ድረስ በያለንበት ጸንተን እንቁም ብሎ አረጋጋቸው። ብርሃን የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ገብርኤል መልሱን አላወቀም። ያየው ነገርም አልነበረም። ያደረገው ነገር ቢኖር በጨለማ ውስጥ የቀረበለትን የተሳሳተ መልስ አለመቀበልና ከቦታው አለመናወጥ ነው። እምነት ማለት ሁሉን ማወቅ እየመሰለን ለምንቸገር ሰዎች ይህ ትልቅ ዕረፍት ይሰጣል።

ታሪኩ ሲነገር ከመካከላችን ዝም ብላ ታዳምጥ የነበረችው አክስቴ ናት። አክስቴ ልጇ ዘንድ ልትከርም ጎንደር መጥታ ነው እንጂ የመካነ ብርሃን ሰው ናት። መካነ ብርሃን በሰሜን ተራሮች ጉያ ያለች የጃናሞራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ደጋ፣ ብርዳምና ገብስ አብቃይ አገር። ስሟ «የብርሃን ቦታ» ማለት ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ግን በጃናሞራና በአጎራባች ወረዳዎች ዝናቡ ሳይበቃ ቀረ። በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ጃናሞራ በዜና ይነሳ የነበረው በድርቅ ነው። ከብት አለቀ፣ ማሳ ባዶውን ቀረ፣ ሰው እህል ፍለጋ ቀዬውን ለቅቆ ወጣ። በክልሉ የነበረው ግጭት ደግሞ እርዳታ የሚደርስበትን መንገድ አጠበበው።

«መላእክቱስ ጥቂት ቆይተው ብርሃን መጣላቸው» አለች አክስቴ፤ «እኛ ሰማይ ሰማዩን ስናይ የከረምንበትን ማን ይቆጥርልናል?»

ውድ አንባብያን፣ ለዚህ ጥያቄ ቶሎ መልስ የሚሰጥ ሰው ጥያቄውን በደንብ አልሰማውም። «እግዚአብሔር ያውቃል» የሚለው ቃል እውነት ነው፤ የተቸገረን ሰው አፍ ለመዝጋት ሲባል ግን ድንጋይ ይሆናል። «በኃጢአታችሁ ነው» ማለት ደግሞ ከዚያም ይብሳል። አንድ ወረዳ ከሌላው ይበልጥ ስላጠፋ ዝናብ ይከለከላል የሚል ነገር በፍጥረት ታሪክ ውስጥ አናገኝም። ስለዚህ በዚያ ቅዳሜ መልስ የሰጣት ሰው አልነበረም። በሚቀጥሉት ሳምንታት ንባባችንን ቀጠልን።

ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ደረስን። አዳምና ሔዋን ትእዛዝ ጥሰዋል፤ ምድር እሾህና አሜኬላ ልታበቅልባቸው ነው፤ እንጀራቸውን በላብ ሊበሉ ነው። ከገነትም ሊወጡ ነው። ከመውጣታቸው በፊት ግን አንድ ትንሽ ዓረፍተ ነገር አለች፤ እግዚአብሔር ራሱ የቁርበት ልብስ አዘጋጅቶ አለበሳቸው። ልጁ አንብቦ ሊያልፍ ሲል አክስቴ «ቆይ፣ ድገመው» አለችው። ደገመው። «አዎ» አለች፤ «እናት ብትቆጣም ልጇን ብርድ ላይ እርቃኑን አትሰድም።»

እኔ ይህን ክፍል ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። የሰሜንን ብርድ የሚያውቅ ሰው ሲሰማው ግን ሌላ ሆነ። የፍጥረት ታሪክ ለአክስቴ ዝናቡ ለምን እንደቀረ አልነገራትም። የነገራት በጣም ከባድ በሆነው ቀን እንኳ የሚያለብስ እጅ እንዳለ ነው። ያን እጅ ደግሞ እሷ ታውቀዋለች። በዚያ የድርቅ ወቅት ጎረቤታሞቹ በቤት የቀረውን ገብስ ሰፍረው ተካፍለዋል። አንዳንዱ ቤት ከራሱ ልጆች ጉርሻ ቀንሶ የሌላውን ልጅ አብልቷል። አክስቴ ይህን የምትናገረው እንደ ተአምር ሳይሆን እንደ ዕለት ሥራ ነው።

አሁን ወደ እኔ ሙያ ልምጣ። በቢዝነስ ትምህርት ተመርቄ የማርኬቲንግ ባለሙያ ሆኜ እሠራለሁ። ሥራዬ ሰዎች አንድን ነገር እንዲወዱት ምክንያት ማቅረብ ነው። ይህ ሳሙና ለምን ይወደዳል? ያ ባንክ ለምን ይመረጣል? ያለ ምክንያት የሚወደድ ነገር በእኛ ሙያ የለም። እኛ ሠራተኞቹም በየወሩ ታርጌት አለን፣ በየመንፈቁ የሥራ አፈጻጸም ምዘና አለን። ከጊዜ በኋላ ይህ አስተሳሰብ ቤት ድረስ ተከትሎን ይገባል። ባልን በገቢው፣ ሚስትን በጓዳዋ፣ ልጅን በውጤቱ እንመዝናለን።

በፍጥረት ታሪክ ግን ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ነው። እግዚአብሔር የሠራውን እያየ መልካም መሆኑን ደጋግሞ ይመሰክራል። ሰው ከተፈጠረ በኋላ ደግሞ ሁሉም እጅግ መልካም ተባለ። እስከዚያ ሰዓት አዳም ምን ሠራ? ምንም። አንድ ዛፍ አልተከለም። አዳም ዓርብ ተፈጠረ፤ ከጠዋት እስከ ማታ የዋለበት የመጀመሪያው ሙሉ ቀን የዕረፍት ቀን ነው። የሀገራችን ቤተ ክርስቲያን ከእሑድ ጋር ቅዳሜንም እንድታከብር በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሲወሰን ይህን የመጀመሪያ ዕረፍት አብሮ ጠብቆልናል።

መጽሐፈ ኩፋሌ ሌላም ይጨምራል። አዳም ገነትን ሊያለማና ሊጠብቅ የገባው በተፈጠረ በ40ኛው ቀን ነው፤ ሔዋን በ80ኛው። ወንድ ልጃችንን በ40፣ ሴት ልጃችንን በ80 ቀን ክርስትና የምናስነሳው ከዚሁ ጋር ተያይዞ ነው። እስቲ የክርስትና ድግስን አስቡት። ዘመድ ተሰብስቦ እልል የሚልለት ሕፃን እስካሁን የሠራው ነገር ማልቀስና መጥባት ነው። ማንም «ምን ውጤት አመጣ?» ብሎ አይጠይቅም። መወደዱ ቀድሟል፤ ሥራው ኋላ ይደርሳል።

ታዲያ ያው ሕፃን አድጎ 12ኛ ክፍል ሲደርስ ለምን እንረሳዋለን? በብሔራዊ ፈተናው ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከመቶ ልጆች ከዘጠና የሚበልጡት አንገታቸውን ደፍተው ወደ ቤት ገብተዋል ማለት ነው። በዚያ ቀን ቤት ውስጥ የሰሙት የመጀመሪያ ቃል ምን ነበር? ጥናት ይቅር፣ ቸል ይባል እያልኩ አይደለም። አዳምም ሥራ ተሰጥቶታል። ነገር ግን ልጁ የሚወደደው በውጤቱ እንዳልሆነ አስቀድሞ ካላወቀ፣ ያንን ቀን የሚሻገርበት ድልድይ አይኖረውም። እግዚአብሔርንም እንደ ፈታኝ ብቻ ያስበዋል። ልጅ ስለ እግዚአብሔር ፍቅር የሚማረው በመጀመሪያ ከእኛ ፊት ነው።

ፊት ካልኩ አይቀር፣ ጎንደር ያላችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሂዱ። በታላቁ ዐፄ ኢያሱ ዘመን የተተከለችና በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ከተማዋን ሲያቃጥሉ ከተረፉት ጥቂት አብያተ ክርስቲያናት አንዷ ናት። ጣሪያዋ ላይ ከመቶ በላይ የመላእክት ፊቶች ተሥለዋል፤ ዓይኖቻቸው በየአቅጣጫው ያያሉ። ልጆቻችሁን በየትኛው ጥግ ቢቆሙ የሚያያቸው ፊት እንዳለ አሳዩአቸው። ከዚያ በጨለማ ስለቆሙት መላእክት ንገሯቸው።

ቤታችሁ ለማንበብ ካሰባችሁ የእኛን ልምድ ላካፍላችሁ። በሳምንት አንድ የፍጥረት ቀን ይበቃል፤ በሰባት ሳምንት የመጀመሪያው ታሪክ ያልቃል። ልጆች ያንብቡ። የዕለቱን ፍጥረት በዓይናቸው የሚያዩበትን መንገድ ፈልጉ፤ ማክሰኞን ስታነቡ ገብስ ወይም ባቄላ በጣሳ ዝሩ፣ ዓርብን ስታነቡ ከሰሜን ተራሮች ውጭ በየትም ስለማይገኘው ዋልያ አውሩ፤ ሰው ከተሰጠው አደራ አንዱ እሱን መጠበቅ መሆኑንም ንገሯቸው። መልስ የማታውቁለት ጥያቄ ሲመጣ አትደንግጡ። የኔታን ወይም መምህራችሁን ጠይቃችሁ ለሚቀጥለው ሳምንት አሳድሩት። ከሁሉ በላይ ግን በቤቱ ውስጥ የከፋው ሰው ካለ አስቀድማችሁ አድምጡት።

እኛም ለእህቴ ልጅ መልስ አሳደርንላት። እሑድ ያበራው ብርሃን የእግዚአብሔር የራሱ ስጦታ ነው፤ ፀሐይ ኋላ መጥታ አገልጋይ ሆነች። ዝናብም፣ ደመወዝም፣ ውጤትም እንዲሁ አገልጋዮች ናቸው። ሲቀሩ ያማል፤ ያለቅሳል ሰው። ፍቅሩ የጀመረው ግን በእነሱ ስላልሆነ በእነሱ መቅረት አያልቅም። አክስቴም አሁን በግንቦት መጨረሻ ወደ መካነ ብርሃን ልትመለስ ዘር እያስመረጠች ነው።

ቸር ያሰንብተን።