«ብርድ መታው» ከማለታችን በፊት

«ዶክተር፣ ልጄን ብርድ መታብኝ። ሌሊት ደረቱ ሲር ሲር እያለ እንቅልፍ አጣን።» ቆላ ድባ ላይ ክረምት በገባ ቁጥር ከእናቶች ደጋግሜ የምሰማው ይህንን ነው። «ታዲያ ምን አደረጉለት?» ስል መስኮቱ ተዘግቷል፣ የግድግዳው ቀዳዳ በጨርቅ ተወትፏል፣ ልጁም ቡሉኮ ተደርቦለት ምድጃው አጠገብ ተኝቷል። ይህን ያደረገችው ከስስት ነው። ነገር ግን ልጁን እያፈነው ያለው ብርዱ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ የተዘጋው ቤት አየርም አለበት።

አለርጂ ሰውነታችን ሌላውን ሰው የማይጎዳ ነገር እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲዋጋው የሚፈጠር ችግር ነው። በማስነጠስ፣ በዓይን ማሳከክ፣ በሽፍታ፣ ሲብስም በአስም ይገለጣል። በቤት ውስጥ ከዋነኞቹ ቀስቃሾች መካከል በፍራሽ፣ በትራስና በብርድ ልብስ ውስጥ የሚኖሩ፣ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ነፍሳት ይገኛሉ። ከገላችን የሚረግፈውን ቆዳ ይመገባሉ፤ እርጥበትም ይወዳሉ። የግድግዳ ሻጋታ፣ በረሮና ድመትም ቀስቃሾች ናቸው። የምድጃና የእጣን ጭስ አለርጂ ባይባልም የተቆጣውን የአየር ቧንቧ ይብሱን ያስቆጣዋል።

«አለርጂ የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚሉ አሉ። በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ገጠር ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት ግን አስም እኛም ዘንድ እንዳለ፣ ከገጠሩ ይልቅም በከተማው እንደሚበዛ አሳይቷል። ከተሞቻችን እያደጉ ነውና ጉዳዩ ይመለከተናል።

ታዲያ «መስኮት ክፈቱ» ብሎ መሄድ ለደምቢያ ሰው በቂ ምክር አይደለም። ይህ ሜዳ በወባ ብዙ ሰው ያለቀበት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1954 ለተመሠረተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ መነሻ ከሆኑት ምክንያቶች አንዱም ያ ወረርሽኝ ነበር። ስለዚህ መስኮቱ ጠዋት ይከፈት፣ ጀንበር ሳትጠልቅ ይዘጋ። አጎበሩ አቧራ ይዟል ተብሎ አይውረድ፤ በቀዝቃዛ ውኃና በተራ ሳሙና በቀስታ ታጥቦ ጥላ ላይ ይሰጣ። ፀሐይ መድኃኒቱን ታዳክመዋለች። ብርድ ልብሱና ፍራሹ ግን በተቃራኒው ጠራራ ፀሐይ ያስፈልጋቸዋል።

ሥራውን ከአልጋው እንጀምር፤ ልጅ ሌሊቱን ሙሉ የሚተነፍሰው እዚያ ነው። ፍራሹን በየሳምንቱ ፀሐይ እናስመታው፤ ከተቻለ በላስቲክ እንሸፍነው። አንሶላና የትራስ ልብስ በሳምንት አንድ ጊዜ በሙቅ ውኃ ይታጠቡ። ወለል ሲጠረግ ውኃ ይርከፍከፍ፣ ታማሚው ውጭ ይቆይ። ዶሮና ጭድ ከመኝታ ቤት ይውጡ። የሚያፈስ ቆርቆሮ ይጠገን፤ ጣሪያው እያፈሰሰ ሻጋታውን ብንፈገፍገው ተመልሶ ይመጣል። ለበረሮ ብለን በመኝታ ቤት ፍሊት ከመንፋት ምግብ መክደንና ቆሻሻ ማስወገድ ይሻላል። ከእነዚህ አንዱን ብቻ ማድረግ ብዙም ላይታወቅ ይችላል፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ይረዳሉ።

ወቀሳው ለእናቶች ብቻ አይደለም። እኛ ሐኪሞች መድኃኒት ጽፈን እንሸኛለን እንጂ «ልጁ የት ነው የሚተኛው?» ብለን የምንጠይቀው ስንቶቻችን ነን? የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች መጸዳጃ ቤቱንና አጎበሩን ለማየት በየቤቱ ይገባሉ፤ እግረ መንገዳቸውን ፍራሹንና ምድጃውንም ቢያዩ ብዙ ሕመም ይቀንሳል ብዬ አምናለሁ።

በመጨረሻም፣ የቤት ንጽሕና የታዘዘን መድኃኒት አይተካም። በአፍ የሚሳበው የአስም መድኃኒት «ሱስ ያስይዛል» መባሉ ሐሰት ነው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል የቲቢ ምርመራ ይሻል። ልጁ ሲተነፍስ ጎኑ ከተሰረጎደ፣ መናገር ወይም መጥባት ካቃተው፣ ከንፈሩም ከጠቆረ ግን ሌሊትም ቢሆን ሳይነጋ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።