የጎረቤት ሐቅ ዘር አይጠይቅም

ሪያድ ዛሬ የብዙ ሕዝቦች መኖሪያ ናት። እ.ኤ.አ. በ2022 የተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ እንዳመለከተው በሳዑዲ ዓረቢያ ከሚኖሩት 32.2 ሚሊዮን ሰዎች መካከል 13.4 ሚሊዮን የሚሆኑት ከሌሎች አገሮች የመጡ ናቸው፤ ዋና ከተማዋም ብቻዋን 7 ሚሊዮን ያህል ነዋሪ ይዛለች። በባጥሓ ገበያ አንድ ጠባብ መንገድ ላይ ዐረብኛ፣ ኡርዱ፣ ቤንጋሊ፣ ታጋሎግ፣ አማርኛና ኦሮምኛ በአንድ ጊዜ ይሰማሉ። በመንፉሓና በጉበይራ ሰፈሮች በአንድ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ ጎረቤታሞች ከአራትና ከአምስት አገር የተሰባሰቡ ሆነው መገኘታቸው የተለመደ ነው። የመን፣ ሱዳን፣ ፓኪስታን፣ ባንግላዴሽ፣ ኢትዮጵያ በአንድ ፎቅ ላይ በር ለበር ይተያያሉ።

እንዲህ ባለ ከተማ ሰው ከሰው ጋር በሰላም የሚኖርበትን ልክ የሚወስነው ምንድን ነው? ሕግ የራሱ ድርሻ አለው። ነገር ግን የሰው ሕይወት በአብዛኛው የሚያልፈው ፖሊስና ዳኛ በማይገኙበት ስፍራ ነው፤ በደረጃ ላይ፣ በሊፍት ውስጥ፣ በጋራ ወጥ ቤት፣ በአውቶቡስ ወንበር፣ በሱቅ ሰልፍ። በእነዚህ ስፍራዎች ሰውን ከሰው የሚያስማማው ወይም የሚያቃቅረው የየዕለት አደብ ነው።

የሰው ልጅ ልዩ ልዩ ሆኖ መፈጠሩ በእስልምና አስተምህሮ እንደ ጉድለት አይቆጠርም። የአል-ሑጁራት ምዕራፍ 13ኛ አንቀጽ ሰዎች ነገድና ጎሳ የሆኑት እርስ በርስ እንዲተዋወቁ መሆኑን፣ በአላህ ዘንድም የሚበላለጡት በተቅዋ ብቻ መሆኑን ያስተምራል። ከእርሱ ቀድመው ያሉት ሁለት አንቀጾች ደግሞ መሳለቅን፣ በክፉ ቅጽል ስም መጠራራትን፣ ያለ ማስረጃ መጠርጠርን፣ የሰውን ነውር መከታተልንና ሐሜትን ይከለክላሉ። ይህን ቅደም ተከተል ልብ ማለት ይገባል። ስለ ሕዝቦች መተዋወቅ የሚናገረው ታላቅ መልእክት የመጣው የምላስና የዐይን አደብ ከታዘዘ በኋላ ነው። ምላሱን ያልገራ ሰው ስለ ሕዝቦች ወንድማማችነት አሳምሮ ቢናገር ከጎረቤቱ የሚያደርሰው ኸይር አይኖርም።

ኢማም ቡኻሪ የዘገቡት የአቡ ዘር አል-ጊፋሪ (ረ.ዐ.) ታሪክ ለዚህ ብርቱ ምስክር ነው። እኚህ ታላቅ ሶሓባ ከአንድ ሰው ጋር ተጋጭተው በእናቱ ሰደቡት፤ እናቱም ዐረብ ያልሆነች ሴት ነበረች። ከሐዲስ ተንታኞች አንዳንዶቹ የተሰደቡት ሐበሻዊው ሙአዚን ቢላል (ረ.ዐ.) እንደሆኑ ይናገራሉ። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ነገሩን በሰሙ ጊዜ አቡ ዘርን በውስጣቸው ገና የጃሂሊያ ጠባይ እንዳለ በመንገር ገሠጿቸው። ቀጥለውም አገልጋዮች ወንድሞች መሆናቸውን፣ ጌቶቻቸው ከሚበሉት እንዲያበሏቸው፣ ከሚለብሱት እንዲያለብሷቸው፣ ከዐቅማቸው በላይ እንዳይጭኑባቸው፣ ከጫኑባቸውም እንዲያግዟቸው አስተማሩ።

ታሪኩ ሊታወቅ የቻለው አቡ ዘር ራሳቸው ስለተረኩት ነው። ከጊዜ በኋላ በአር-ረበዛ ያገኛቸው አንድ ሰው አገልጋያቸው ልክ እንደ እርሳቸው ለብሶ በማየቱ ተገርሞ ምክንያቱን ቢጠይቃቸው ይህንኑ ተግሣጽ ነገሩት። ወጥ ሲሠራ መረቁን አብዝቶ ለጎረቤት ማካፈልን የሚያስተምረውን ሐዲስ ያስተላለፉትም እኚሁ ሶሓባ ናቸው። በዘር ላይ የተሰነዘረች አንዲት ቃል ያስከተለችው ተግሣጽ በልብስና በማዕድ እኩልነት ታየ። በእርግጥም የቃል ጥፋት የሚታረመው በቃል ይቅርታ ብቻ ሳይሆን በኑሮ ለውጥ ነው።

ዛሬ በሪያድ ጎዳናዎች ይህ ትምህርት የሚፈተነው ከሁሉ በፊት በስም ነው። ከእስያ የመጣውን ሠራተኛ ስሙን ሳይጠይቁ «ሰዲቅ» ወይም «ረፊቅ» ብሎ መጥራት ተለምዷል። ቃሎቹ በዐረብኛ ጓደኛ ማለት ናቸው፤ ነገር ግን የሰውን ስም ለመጠየቅ ከመስነፍ የተነሣ ሲነገሩ ወዳጅነታቸው ይጠፋል። የቤት ሠራተኛዋ «ሸጋላ»፣ ኢትዮጵያዊው «ያ ሐበሺ» ሲባሉም እንዲሁ ነው። ሐበሺ መባል በራሱ ነውር አይደለም፤ የቢላል መጠሪያም ነበር። ሰው የሚከፋው ከአገሩ ስም በስተጀርባ የራሱ ስም ሲጠፋ ነው። እዚህ ላይ የአማርኛ ተናጋሪው ማኅበረሰብም ራሱን ሊመረምር ይገባዋል። ጠዋት ያለ ስሙ በመጠራቱ ያዘነ ሰው፣ ማታ አትክልት የሚሸጥለትን ባንግላዴሻዊ በፉጨት የሚጠራ ከሆነ የተበደለበትን በደል መልሶ እያደረገው ነው። ስም መጠየቅ ገንዘብም ጊዜም አያስወጣም።

ሁለተኛው መፈተኛ ድምፅ ነው። በዚህ ረገድ የሳዑዲ የእስልምና ጉዳዮች ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በሜይ 2021 የወሰደው እርምጃ ብዙ ያስተምራል። ሚኒስቴሩ የመስጂዶች የውጭ ድምፅ ማጉያዎች ለአዛንና ለኢቃማ ብቻ እንዲያገለግሉ፣ መጠናቸውም ከማጉያው አቅም ከሲሶ እንዳይበልጥ አዘዘ። ከምክንያቶቹም አንዱ በመስጂዶች ዙሪያ ባሉ ቤቶች የሚኖሩ ሕመምተኞች፣ አረጋውያንና ሕፃናት እንዳይታወኩ ነው። ለአላህ ተብሎ የሚነበበው ቁርኣን እንኳ የታመመን ጎረቤት እንዳይረብሽ ድምፁ ከተመጠነ፣ በሌሊት በደረጃ ላይ በቪዲዮ ጥሪ ለሚጮኽ ሰው ምን ምክንያት ይቀረዋል? ኢትዮጵያና ሳዑዲ ዓረቢያ የሰዓት ልዩነት የላቸውም፤ እዚህ እኩለ ሌሊት ሲሆን እዚያም እኩለ ሌሊት ነው። በጋራ ቤት ከሚኖሩት መካከል ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚተኛ ጥበቃ፣ ከሱብሒ በፊት የሚነሣ ሾፌር፣ ሕፃን ታቅፋ የምታድር እናት ይኖራሉ። የእነርሱን እንቅልፍ መጠበቅ ከጎረቤት ሐቅ አንዱ ነው።

አገሪቱም ይህን አደብ በሕግ ደግፋዋለች። እ.ኤ.አ. በ2019 በሥራ ላይ የዋለው የሕዝብ ሥነ ምግባር ደንብ በሰላት ሰዓት ሙዚቃ ማሰማትን፣ ቆሻሻ ያለ ቦታው መጣልን፣ ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች የተለየ መቀመጫ መያዝን በቅጣት ከልክሏል። ደንቡ በዜጋውም፣ በነዋሪውም፣ በእንግዳውም ላይ እኩል የጸና ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 ለሕዝብ ክፍት የሆነው የሪያድ ሜትሮ በስድስት መስመሮችና በ85 ጣቢያዎች ከየአገሩ የመጣውን ሰው በአንድ ፉርጎ አቀራርቧል። በዚያ ፉርጎ ውስጥ ቆመው ለሚሄዱ ሽማግሌ ወንበር የሚለቅ ወጣት ከየት አገር እንደመጡ አይጠይቃቸውም፤ ሽበታቸው ብቻ ይበቃዋል።

ሦስተኛው ጉዳይ ጭስና መዓዛ ነው። ቡና ለኢትዮጵያዊም ለሳዑዲም የእንግዳ ክብር ነው፤ አንዱ በጀበና ጠቆር አድርጎ፣ ሌላው በደላ ከሄል ጋር ገርጣ አድርጎ ያፈላዋል። ይሁንና በጠባብ አፓርታማ ውስጥ የሚቆላ ቡናና የሚጨስ ዕጣን ለባለቤቱ የአገር ሽታ ሲሆን፣ ማዶ ላለው የአስም ሕመምተኛ ጭንቀት ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ባህሉን መተው አይደለም። መስኮት ከፍቶ መቁላት፣ የሚታመም ጎረቤት እንዳለ አስቀድሞ መጠየቅ፣ ቡናው ሲፈላም አንድ ስኒ ወደ ጎረቤት በር መላክ ይቻላል። የአቡ ዘር የመረቅ ሐዲስ ዛሬ በሪያድ በቡና ስኒ ሊተረጎም ይችላል። ሰው ማንነቱን ወደማያውቀው ቤት የሚመጣ ጭስ ያማርረዋል፤ ቡናውን የቀመሰበት ቤት ጭስ ግን ያን ያህል አይከብደውም።

ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ለዚህ አደብ እንግዶች አይደሉም። በወሎ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን ዘመዳሞች መገኘታቸው የቆየ ነገር ነው። ሠርግ ሲደገስ በሙስሊም እጅ የታረደውና በክርስቲያን እጅ የታረደው ሥጋ በየድስቱ ተለይቶ ይሠራል፤ የሚደግሰው ግን አንድ ሰፈር ነው። በብዙ ከተሞች ሰው ሲሞት እድሩ ድንኳን የሚተክለው የሟቹን ሃይማኖት ጠይቆ አይደለም። በዚህ ልማድ ውስጥ ትልቅ ጥበብ አለ፤ ማንም እምነቱን አላቀለለም፣ ማንም ጎረቤቱን አላስከፋም። ልዩነቱን ሳይደብቁ ለልዩነቱ ቦታ አዘጋጁለት። በሪያድ በአንድ ክፍል የሚኖሩ ሙስሊምና ክርስቲያን ኢትዮጵያውያንም ይህን ሊያስታውሱት ይገባል። የሙስሊሟን የሰላት ስፍራ ንጹሕ አድርጋ የምትጠብቅላት ክርስቲያን፣ የክርስቲያኗን የጾም ቀን አስባ ድስቱን የምትለይላት ሙስሊም፣ ሁለቱም ያደጉበትን አደብ በሰው አገር እየኖሩት ነው።

የሚያሳዝነው ግን ብዙ ጊዜ ከአገር የሚመጣው ይህ መልካም ልማድ ብቻ አለመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2022 በሰሜን ኢትዮጵያ የተካሄደውን ጦርነት ተከትሎ የብሔር ስድብ በየስልኩ ተዛምቷል። በአንድ ሰፍ የሰገዱ ወንድማማቾች ከመስጂድ ወጥተው በስልካቸው አንዱ የሌላውን ብሔር የሚያዋርድ ጽሑፍ ሲቀባበሉ ማየት ከባድ ነው። ስድቡ በምላስ ሳይሆን በጣት መላኩ ፍርዱን አያቀልለውም። በዘር የሚሳለቅ መልእክት የደረሰው ሰው ሊያደርገው የሚገባው ቀላል ነው፤ ወደ ሌላ አያሻግረው፣ ለላከለትም ተገቢ አለመሆኑን በለሰለሰ ቃል ይንገረው።

ይህን ምክር አሳሳቢ የሚያደርገው ያለፈ ታሪክም አለ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2013 የመኖሪያ ፈቃድ ማስተካከያው የእፎይታ ጊዜ ካበቃ በኋላ በመንፉሓ በተነሣው ግጭት የሰው ሕይወት ጠፋ፤ በቀጣዮቹ ወራትም ከ150 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመለሱ። ፈቃድ የሕግ ጉዳይ ነው፤ በሕግም ይታያል። ጥላቻ ግን ሌላ ነገር ነው። በእንዲህ ያለ ሰሞን ጎረቤቱን በስሙ የሚያውቅ ሰው «ሐበሾች እንዲህ ናቸው»፣ «ዐረቦች እንዲህ ናቸው» የሚል ወሬ ሲደርሰው የሚያስታውሰው አንድ ሰው አለው፤ ወሬውንም በዚያ ሰው ይመዝነዋል። ጎረቤቱን የማያውቅ ግን ወሬውን እንደመጣ ይቀበላል። የመተዋወቅ ጥቅም በሰላም ቀን አይታይም፤ የሚታየው በክፉ ቀን ነው። ስለዚህም በሰላሙ ቀን ሊሠራ ይገባል።

መከባበር ከአንድ ወገን ብቻ የሚጠበቅ አይደለም። እንግዳው የአገሩን ሕግና ወግ ማክበር እንዳለበት ሁሉ፣ አሠሪውም በእጁ ሥር ያለችውን ሠራተኛ ሐቅ ሊጠብቅ ግዴታ አለበት። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የቤት ሠራተኞች ደንብ የሳምንት ዕረፍቷን አረጋግጦላታል። በበጋ ወራት ከቀትር እስከ 9 ሰዓት በፀሐይ ላይ ማሠራትም የተከለከለ ነው። እነዚህ ሕጎች ከዐቅም በላይ አትጫኑ ከሚለው የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ትምህርት ጋር ይገጥማሉ። ሕጉ የዕረፍቷን ቀን ይሰጣታል፤ በስሟ መጠራትን፣ ስትታመም መጠየቅን፣ ምግብ ከመቀዝቀዙ በፊት እንድትበላ መፍቀድን ግን ሊሰጣት የሚችለው የቤቱ አደብ ብቻ ነው።

በረመዳን በሪያድ መስጂዶች ደጃፍ በሚዘረጋው የኢፍጣር ሱፍራ ላይ ፓኪስታናዊው ለሱዳናዊው ውኃ ያቀብላል፤ ሳዑዲው ወጣት ለኢትዮጵያዊው ተምር ያቀርባል። በዚያ ሰዓት የማንም ፓስፖርት አይጠየቅም። ከሸዋል እስከ ሻዕባን ያሉት አሥራ አንድ ወራትም ይህንኑ አደብ ይጠይቃሉ። እያንዳንዱ አንባቢ በዚህ ሳምንት ሊያደርገው የሚችለው አንድ ነገር አለ፤ በደረጃው ላይ ዘወትር እያየው ስሙን ያልጠየቀውን አንድ ጎረቤት ሰላም ብሎ ስሙን ይጠይቅ፤ የራሱንም ይንገረው፤ በሚቀጥለው ቀንም በዚያው ስም ይጥራው።